መውደቅን የማያውቅ ስክሪፕት፦ ስለ አውቶማቲክ ግንባታ ታማኝነት በተለያዩ ስርዓተ ክወናዎች

በመመረቂያ ጥናቴ ረቂቅ ውስጥ አንድ አጭር ሠንጠረዥ ነበር። ረድፎቹ ሦስት ናቸው፤ ሊነክስ፣ ማክኦኤስ እና ዊንዶውስ። በእያንዳንዱ ስም ትይዩ «ፍተሻውን አልፏል» የሚል ቃል ሰፍሯል። ሠንጠረዡን ያዘጋጀሁት በቅን ልቦና ነው። ማስረጃዬም ለሦስት ወራት ያህል ያለማቋረጥ አረንጓዴ ምልክት ሲያሳይ የቆየው አውቶማቲክ የግንባታ ሥርዓት ነበር። ይሁን እንጂ ሦስተኛው ረድፍ ሐሰት ሆኖ ተገኘ።

ጥናቱ የአማርኛ ጽሑፍን ወደ ዓረፍተ ነገርና ወደ ቃላት የሚከፋፍል አነስተኛ መሣሪያ ማዘጋጀትን ያካትታል። አንዲት የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ መሣሪያውን ለራሷ ሥራ ልትጠቀምበት ፈልጋ በቤተ ሙከራ ባለ የዊንዶውስ ኮምፒውተር ላይ ሞከረችው። መሣሪያው ግን አንድም የግዕዝ ፊደል ወደ ፋይል ሳይጽፍ ስህተት አውጥቶ ቆመ። ምክንያቱን ለማግኘት ብዙ አልደከምኩም። ፓይተን በዊንዶውስ ላይ ውጤቱን ወደ ፋይል እንዲያስተላልፍ ሲታዘዝ፣ የተለየ መመሪያ ካልተሰጠው በስተቀር፣ የሚጠቀመው የኮምፒውተሩን ነባር የፊደላት ሰንጠረዥ ነው። ለምዕራብ አውሮፓ ቋንቋዎች የተዘጋጀው ያ ሰንጠረዥ ከ256 የሚበልጥ ምልክት መያዝ አይችልም፤ የግዕዝ ፊደል ደግሞ ከእነዚያ ውስጥ የለም። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ቢካተትም፣ ፕሮግራሙ ዩኒኮድን እንዲጠቀም በግልጽ ካልታዘዘ መካተቱ ብቻውን አይጠቅመውም። ማስተካከያው ከጥቂት መስመሮች አልበለጠም።

እኔን ያስጨነቀኝ ግን ስህተቱ ሳይሆን ምልክቱ ነው። ይህ ጉድለት በየዕለቱ በዊንዶውስ ላይ ይከሰት ነበር፤ ፓይተንም በየዕለቱ በ1 የመውጫ ኮድ «ወድቄአለሁ» ይል ነበር። የግንባታው ስክሪፕት ግን ሦስት ትእዛዞች ነበሩት፤ የመጀመሪያው ፕሮግራሙን ያዘጋጃል፣ ሁለተኛው በናሙና ጽሑፍ ላይ ያስኬደዋል፣ ሦስተኛው ውጤቱን በአንድ ማኅደር ያሽጋል። በሊነክስና በማክኦኤስ ላይ ስክሪፕቱ ከትእዛዞቹ አንዱ ሲወድቅ እንዲቆም ተደርጎ ነበር። በዊንዶውስ ላይ ግን ሁለተኛው ሲወድቅ ሦስተኛው ይቀጥላል፤ ባዶውንም ፋይል ቢሆን በደንብ ያሽገዋል፤ የመጨረሻው ትእዛዝ ስለተሳካም ሥራው ሁሉ እንደ ተሳካ ይመዘገባል። ጥፋቱ የማንም አልነበረም፤ የእኔ ነበር። አረንጓዴ ምልክትን እንደ ማስረጃ የወሰድኩት ቀይ መሆን ይችል እንደሆነ አንድ ቀን እንኳ ሳልጠይቅ ነው።

የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ ከዚህ ይነሣል። የአንድ የግንባታ ስክሪፕት ቀዳሚ ተግባር መገንባት ሳይሆን፣ መገንባት በማይገባው ጊዜ እምቢ ማለት ነው። ግንባታ ስል የምንጭ ኮድን ወደሚሠራ ፕሮግራም የመለወጥ፣ የመፈተሽና የማሸግ ተከታታይ ሥራ ማለቴ ነው። በሚደግፋቸው ስርዓተ ክወናዎች ሁሉ ላይ በአስተማማኝ ሁኔታ መውደቅ መቻሉ ያልተረጋገጠ ስክሪፕት፣ ስለ ስኬት የሚሰጠው ምስክርነት ተቀባይነት ሊኖረው አይገባም።

፩. የጋራ የሚመስለው ቋንቋ

ፕሮግራሞች ለጠራቸው አካል ውጤታቸውን የሚያሳውቁት በመውጫ ኮድ ነው። 0 ስኬትን፣ ከ0 የተለየ ቁጥር ውድቀትን ያመለክታል። ይህ ስምምነት በሁሉም ዘንድ የታወቀ ስለሆነ ብዙዎቻችን በሁሉም ስፍራ አንድ ዓይነት ነው ብለን እናምናለን። ዝርዝሩ ግን ይለያያል።

በሊነክስና በማክኦኤስ አንድ ስክሪፕት ከጠራው ፕሮግራም የሚደርሰው የመውጫ ኮድ 8 ቢት ብቻ ነው፤ ማለትም ከ0 እስከ 255። በዊንዶውስ ደግሞ 32 ቢት ነው። ልዩነቱ ተራ ቢመስልም ውጤቱ ተራ አይደለም። የወደቁትን ፍተሻዎች ቁጥር እንደ መውጫ ኮድ የሚመልስ ፕሮግራም እንውሰድ። 256 ፍተሻዎች ከወደቁ በዊንዶውስ ላይ 256 ተብሎ ይነበባል፤ በሊነክስ ላይ ግን ቁጥሩ ዞሮ 0 ይሆናል። ብዙ ውድቀት ስኬት ሆነ ማለት ነው።

በተቃራኒው አቅጣጫም ወጥመድ አለ። በዊንዶውስ ላይ አንድ ፕሮግራም ያልተፈቀደለትን የማኅደረ ትውስታ ክፍል ነክቶ ሲሰበር የሚመልሰው ኮድ በምልክት ቁጥር ሲነበብ አሉታዊ ነው፤ -1073741819። በአሮጌዎቹ የባች ስክሪፕቶች ውስጥ የተለመደው «ኢፍ ኤረርሌቭል 1» የሚለው ጥያቄ ትርጉሙ «ኮዱ 1 ወይም ከዚያ በላይ ነውን?» ነው። አሉታዊ ቁጥር ከ1 ያነሰ ነውና መልሱ «አይደለም» ይሆናል፤ ስክሪፕቱም ይቀጥላል። ቀላል ስህተት ይያዛል፤ ከባዱ ሰበራ ያልፋል።

ደግሞም ስምምነቱን የማይከተሉ መሣሪያዎች አሉ። ከዊንዶውስ ጋር የሚመጣው ሮቦኮፒ ፋይሎችን በተሳካ ሁኔታ ሲገለብጥ 1 ይመልሳል፤ ውድቀትን የሚያመለክቱት 8 እና ከዚያ በላይ ያሉት ኮዶች ናቸው። ስለዚህ «ከ0 የተለየ ሁሉ ውድቀት ነው» የሚለውን ሕግ በጭፍን የሚከተል ስክሪፕት ደግሞ ያለ ምክንያት ይወድቃል። ያለ ምክንያት የሚወድቅ ስክሪፕት የሚያስከትለው ጉዳት የተለየ ነው፤ ሰዎች ቀዩን ምልክት እንዲንቁት ያስተምራቸዋል።

፪. ሼሎቹና ልማዶቻቸው

ባሽ በነባሪ ጠባዩ አንድ ትእዛዝ ሲወድቅ አይቆምም፤ ወደ ቀጣዩ ያልፋል፣ የስክሪፕቱም ውጤት የመጨረሻው ትእዛዝ ውጤት ይሆናል። ይህን ለመከላከል «ሴት -ኢ» የሚለው ትእዛዝ በስክሪፕቱ ራስ ላይ ይጻፋል። ነገር ግን ይህ ጥበቃ ቀዳዳዎች አሉት። ትእዛዙ በ«ኢፍ» ውስጥ እንደ ቅድመ ሁኔታ ከተጠራ ጥበቃው አይሠራም። ሙሉ ፈንክሽን በዚያ መንገድ ከተጠራ ደግሞ በውስጡ ያሉት ትእዛዞች ሁሉ ጥበቃውን ያጣሉ። ትእዛዞች በፓይፕ ሲያያዙም የሚቆጠረው የመጨረሻው ውጤት ነው። የፍተሻውን ውጤት በስክሪንም በፋይልም ለማየት ብለን ወደ «ቲ» ትእዛዝ ስናስተላልፈው፣ ፍተሻው ቢወድቅም «ቲ» ስለሚሳካ ስክሪፕቱ ስኬት ያነባል። ለዚህ መድኃኒቱ «ፓይፕፌል» የተባለው ምርጫ ነው።

ይሁንና «ፓይፕፌል» በሁሉም ስፍራ የለም። ወደ ፖዚክስ መስፈርት የገባው እ.ኤ.አ. በ2024 ነው። ኡቡንቱ ከ2006 ጀምሮ የስርዓቱን መደበኛ ሼል ከባሽ ወደ ዳሽ ስለቀየረ፣ በባሽ ላይ የተሞከረ ስክሪፕት በዳሽ ሲጠራ ሌላ ጠባይ ሊያሳይ ይችላል። አፕል ከኮምፒውተሮቹ ጋር የሚያቀርበው ባሽ ደግሞ ከ3.2 ቅጂ አላለፈም፤ ከ2019 ወዲህም ለተጠቃሚው በነባሪነት የሚቀርበው ሼል ዜድሼል ነው። «ዩኒክስ መሰል» ብለን በአንድ ስም የምንጠራቸው ስርዓቶች እንኳ በውድቀት አያያዝ አንድ አይደሉም።

ፓወርሼል የራሱ ሁለት ዓለማት አሉት። ለራሱ ትእዛዞች ስህተት ሲከሰት እንዲቆም ማድረግ ይቻላል። እንደ ፓይተን ወይም እንደ ኮምፓይለር ላሉ የውጭ ፕሮግራሞች ግን ያው ቅንብር ለረጅም ጊዜ ምንም አይነካም ነበር፤ የመውጫ ኮዳቸው በአንድ ተለዋዋጭ ውስጥ ይቀመጣል፣ ካልጠየቁትም ዝም ይላል። የእኔ ሦስተኛ ረድፍ የጠፋው በዚህ ዝምታ ውስጥ ነው። በ7.4 ቅጂ የውጭ ፕሮግራሞች ውድቀትም እንደ ስህተት እንዲቆጠር የሚያደርግ መደበኛ ቅንብር ቀርቧል። ከዊንዶውስ 10 ጋር የሚመጣው 5.1 ቅጂ ግን ይህ የለውም። ስለዚህ ጸሐፊው ስክሪፕቱ በየትኛው ቅጂ እንደሚሠራ ማወቅ፣ ቅንብሩንም በግልጽ መጻፍ ይኖርበታል።

ከሼሎቹ በላይ ያሉት መሣሪያዎችም ከዚህ ነጻ አይደሉም። ስቱዋርት ፌልድማን በቤል ላብስ እ.ኤ.አ. በ1976 የጻፈው ሜክ አንድ ትእዛዝ ሲወድቅ በትክክል ይቆማል። ትእዛዙ ከመውደቁ በፊት በግማሽ የጻፈው ፋይል ግን በቦታው ሊቀር ይችላል። ሜክ በቀጣዩ ጊዜ ሲጠራ የፋይሉን ቀን አይቶ «ይህ ተሠርቷል» ብሎ ያልፈዋል። የመጀመሪያው ሙከራ ቀይ፣ ሁለተኛው ያለ አንዳች ማስተካከያ አረንጓዴ ይሆናል። «እስቲ እንደገና ሞክረው» የሚለው የተለመደ ምክራችን አንዳንድ ጊዜ የሚሠራው በዚህ ምክንያት ነው።

፫. የተቋረጠ መስመር

በአገራችን ለሚሠራ ሰው ልዩ ትርጉም ያለው ሌላ ምንጭ አለ፤ እርሱም ኢንተርኔት ነው። አብዛኛው ግንባታ የሚጀምረው አንድ ነገር ከሩቅ ሰርቨር በማውረድ ነው። ለዚህ በስፋት የምንጠቀምበት ከርል የተባለው መሣሪያ፣ ሰርቨሩ «ፋይሉ የለም» ብሎ የስህተት ገጽ ቢልክለት፣ በነባሪ ጠባዩ ገጹን በተፈለገው ፋይል ስም አስቀምጦ 0 ይመልሳል። ከእርሱ አንጻር መልእክት ጠይቋል፣ መልእክትም ደርሶታል። እንዲህ ያለው ምላሽ እንደ ውድቀት እንዲቆጠር «ፌል» የሚለው ምርጫ መጨመር አለበት። ካልተጨመረ ለምሳሌ የመዝገበ ቃላት ፋይል መስሎን የስህተት ገጽ ይዘን እንቀጥላለን፤ ፍተሻችንም «የማይታወቁ ቃላት» እያለ ያልተፈጠረ የቋንቋ ችግር ሊነግረን ይችላል። የወረደው ፋይል የሚጠበቀው ራሱ መሆኑን በሃሽ ቁጥር ማመሳከር ሁለቱንም ችግር፣ የተሳሳተውንም በግማሽ የቀረውንም፣ ይይዛል።

፬. መልእክት መላክና መቆም አንድ አይደሉም

ስህተትን በስክሪን ላይ ማተም ይበቃል የሚል አስተሳሰብ አለ። ይህን አስተሳሰብ ለመመርመር ከግንባታ ጥቂት ራቅ ያለ፣ ግን በይፋ የተመዘገበ ክስተት ላንሣ። እ.ኤ.አ. ኦገስት 1 ቀን 2012 ናይት ካፒታል የተባለው የአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ድርጅት በ45 ደቂቃ ውስጥ ከ460 ሚሊዮን ዶላር በላይ አጣ። የአገሪቱ የአክሲዮን ገበያ ተቆጣጣሪ ኮሚሽን በ2013 ባወጣው ውሳኔ እንደ ተገለጸው፣ አዲሱ ኮድ ከስምንት ሰርቨሮች በሰባቱ ላይ ሲጫን በስምንተኛው ላይ አልተጫነም። ሥራውን የሚያረጋግጥ ሁለተኛ ሰውም አልነበረም። በዚያው ጠዋት ገበያው ከመከፈቱ በፊት የድርጅቱ ሥርዓት ስህተትን የሚጠቅሱ 97 የኢሜይል መልእክቶችን ለሠራተኞች ልኮ ነበር። መልእክቶቹ እንደ ማስጠንቀቂያ ደወል የታሰቡ ስላልነበሩ ሰው ትኩረት አልሰጣቸውም።

ሥርዓቱ ተናግሯል፤ ግን አልቆመም። በእኔም የግንባታ መዝገብ ውስጥ የፓይተን የስህተት መልእክት ለሦስት ወራት ተጽፎ ይገኝ ነበር። አረንጓዴ ምልክት ያለበትን መዝገብ ግን ከፍቶ የሚያነብ ሰው የለም። የመዝገብ ጽሑፍ ለምርመራ ይጠቅማል፤ የሰውን ትኩረት የሚጠራው መቆም ነው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለው ብሂል ለማሽንም ይሠራል። ልዩነቱ ማሽኑ የሚደብቀው በሐፍረት ሳይሆን እኛ ስላላዘዝነው መሆኑ ብቻ ነው።

፭. ምን ይደረግ?

በእኔ እምነት መፍትሔው የእያንዳንዱን ሼል ቀዳዳ በቃል መያዝ አይደለም። የሚከተሉትን አምስት ነጥቦች አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ውሳኔውን ከሼል ማውጣት። የግንባታውን ቅደም ተከተል በሦስቱም ስርዓቶች ላይ በእኩል በሚሠራ አንድ ቋንቋ፣ ለምሳሌ በፓይተን፣ መጻፍ ይቻላል። ለሼሉ የሚቀረው ያንን አንድ ፕሮግራም መጥራት ብቻ ይሆናል። የመጨረሻው ትእዛዝና ብቸኛው ትእዛዝ አንድ ሲሆኑ የመካከለኛው ውድቀት አይጠፋም። ሆኖም ቋንቋ መቀየር ብቻውን አያድንም፤ ፓይተንም የውጭ ፕሮግራም ሲጠራ የመውጫ ኮዱን እንዲያረጋግጥ ካልታዘዘ እንደ ሼሉ ዝም ብሎ ያልፋል።

ሁለተኛ፣ ኮዱን መተርጎም። ስክሪፕቱ ለውጭው ዓለም የሚመልሰው 0 ወይም 1 ብቻ ይሁን። የወደቁ ፍተሻዎች ቁጥር በመዝገቡ ይጻፍ። ስምምነቱን የማይከተሉ እንደ ሮቦኮፒ ያሉ መሣሪያዎች በስማቸው ተለይተው ይተርጎሙ።

ሦስተኛ፣ የስኬትን አዎንታዊ ማስረጃ መጠየቅ። «ስህተት አልታየም» እና «ሥራው ተሠርቷል» የተለያዩ አባባሎች ናቸው። የውጤት ፋይሉ መኖሩ፣ ባዶ አለመሆኑ፣ የተካሄዱት ፍተሻዎች ቁጥር ከሚጠበቀው አለማነሱ ይረጋገጥ። ፓይቴስት የተባለው የፍተሻ መሣሪያ አንድም ፍተሻ ሳያገኝ ሲቀር 5 የመውጫ ኮድ የሚመልሰው በዚህ አስተሳሰብ ነው። በእኔ ሁኔታ ፋይሉ ባዶ መሆኑን የሚጠይቅ አንድ መስመር ቢኖር ኖሮ ይህ ጽሑፍ ባልተጻፈ ነበር።

አራተኛ፣ ውድቀትን መለማመድ። በእያንዳንዱ ስርዓተ ክወና ላይ ሆን ተብሎ የሚወድቅ ትእዛዝ ይግባና ግንባታው ቀይ መሆኑ ይታይ። ትእዛዙ መግባት ያለበት በመካከል ነው፤ በመጨረሻ ከገባ ብዙውን ጊዜ ሼሉ ይይዘዋልና ልምምዱ ብዙም አይነግረንም። በሌላ ዙር በፓይፕ ውስጥ፣ በሌላ ዙር በማውረጃው ደረጃ ይሞከር። ይህን በየጊዜው በራሱ የሚሠራ ማድረግም ይቻላል፤ «ይህ ግንባታ ካልወደቀ ፍተሻው ወድቋል» የሚል የተገላቢጦሽ ፍተሻ።

አምስተኛ፣ በግማሽ የተሠራን ማስወገድ። ውጤቱ መጀመሪያ በጊዜያዊ ስም ይጻፍ፤ ሥራው ሲጠናቀቅ ብቻ ወደ ትክክለኛ ስሙ ይዛወር። በሜክ ለሚሠሩም ሲወድቅ ፋይሉን የሚሰርዝ ምርጫ በመሣሪያው ውስጥ አለ።

፮. ሊነሡ የሚችሉ ተቃውሞዎች

የመጀመሪያው ተቃውሞ ጥብቅነት ሥራን ያዘገያል የሚል ነው። መስመር በሚቆራረጥበት አካባቢ እያንዳንዱ የማውረድ ችግር ግንባታውን ቢጥል ተማሪው መቼ ይሠራል? ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ግን ውድቀትን መደበቅ ሳይሆን ድግግሞሽን መወሰን ነው። ማውረዱ ሦስት ጊዜ ይሞከር፤ ሦስተኛው ካልተሳካ ግንባታው ይቁም። የወረዱ ፋይሎችን በአቅራቢያ ማስቀመጥም ችግሩን ከሥሩ ይቀንሰዋል።

ሁለተኛው፣ ሁሉን በኮንቴይነር ውስጥ በሊነክስ ላይ ብናካሂደው ልዩነቱ ራሱ ይጠፋል የሚል ነው። ተጠቃሚው ፕሮግራሙን የሚያገኘው በሰርቨር በኩል ብቻ ከሆነ እስማማለሁ። ፕሮግራሙ በተጠቃሚው ኮምፒውተር ላይ የሚሠራ ከሆነ ግን፣ በዊንዶውስ ላይ የተቀመጠ የሊነክስ ኮንቴይነር የሚፈትሸው ሊነክስን ነው። የእኔ ጉድለት በኮንቴይነር ውስጥ ፈጽሞ አይታይም ነበር፤ በዚያች ተማሪ ኮምፒውተር ላይ ግን እንደ ነበረ ይቆይ ነበር።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉ ይከብደኛል። የማስተርስ ተማሪ የሚመዘነው በጥናቱ አሳብ እንጂ በስክሪፕቱ አይደለም፤ ይህ የምሕንድስና ዝርዝር ነው ይባላል። ይሁን እንጂ በሶፍትዌር ላይ በተመሠረተ ጥናት ውስጥ «በሦስት ስርዓቶች ላይ ተፈትሿል» የሚለው ዓረፍተ ነገር የምርምር ግኝት ነው። በሌሎች የሳይንስ ዘርፎች አንድ መለኪያ መሣሪያ ከመታመኑ በፊት በታወቀ ናሙና ይፈተሻል፤ የሌለውን «የለም»፣ ያለውን «አለ» ማለቱ ይረጋገጣል። ሁልጊዜ «አለ» የሚል መለኪያ መለኪያ አይደለም። የእኛም የግንባታ ስክሪፕት መለኪያ ነውና ከዚህ ሥርዓት የሚለይበት ምክንያት አይታየኝም።

ጉዳዩ የቋንቋም ነው። በዊንዶውስ ላይ የተደበቀው ስህተት የግዕዝን ፊደል ብቻ የሚነካ ነበር። ናሙናዬ በእንግሊዝኛ ቢሆን ኖሮ ምንም አይወድቅም ነበር። መሣሪያዎቻችን በነባሪ ጠባያቸው ስለ ፊደላችን ብዙም በማያስቡበት ዓለም ውስጥ፣ ውድቀትን የሚደብቅ ግንባታ ከሁሉ አስቀድሞ የሚደብቀው የእኛን ተጠቃሚዎች ችግር ነው።

ስለዚህ ለሙያ ባልደረቦቼና ለትምህርት ክፍሎች የማቀርበው አሳብ ይህ ነው። ሶፍትዌርን ያካተተ የመመረቂያ ጥናት «ፍተሻውን አልፏል» በሚል ቁጥር፣ ፍተሻው በዚያው ስርዓተ ክወና ላይ ሆን ተብሎ ሲሰበር መውደቁን የሚያሳይ መዝገብ አብሮ ያቅርብ። የሚጠይቀው ጊዜ ከአንድ ከሰዓት በኋላ አይበልጥም። ፈታኞችም «አልፏል ወይ?» ከማለታቸው በፊት «መውደቅ ይችላል ወይ?» ብለው ይጠይቁ።

የእኔ ሠንጠረዥ ተስተካክሏል። ረድፎቹ አሁንም ሦስት ናቸው፤ አንድ ዓምድ ግን ተጨምሮበታል፤ «ሆን ተብሎ ሲሰበር ቀይ አሳይቷል» ይላል። አማካሪዬ ረቂቁን ሲመልሱልኝ ብዙውን ያሰመሩበት በሌላው ምዕራፍ ነበር። በዚህ ዓምድ ዳርቻ ግን በእርሳስ አንድ ጥያቄ ጽፈው አገኘሁ፤ «በየትኛው ቀን?» ይላል። ትክክል ናቸው፤ መውደቅ መቻልም እንደ ሌላው ሁሉ አንድ ቀን ሊጠፋ ይችላል። ቀኑን ጻፍኩ፤ ልምምዱም በየወሩ እንዲደገም አደረግሁ።